ካርቶኑን ልጥለው ነበር፤ ሁለት ነገር እምቢ አሉኝ

አሮጌ ሪሞት፦

ሰላም ጓዶች። ቤት ልቀይር ነው። አዲሱ ከድሮው ይጠባል። ስለዚህ ለዓመታት ከአልጋ ሥር ወደ ቁም ሳጥን፣ ከቁም ሳጥን ወደ አልጋ ሥር ሳመላልሰው የኖርኩትን ካርቶን ዛሬ ጠዋት መሬት ላይ ዘረገፍኩት።

ቆጠርኩ። 31 የቪዲዮ ካሴት። አንድ የጫማ ሳጥን ሙሉ የቴፕ ካሴት። ማቀፊያ የሌላቸው ሲዲዎች። የፕሌይስቴሽን ሜሞሪ ካርድ። የምን እንደሆነ የማላውቀው ሪሞት (ስሜን ያገኘሁት ከሱ ነው)። እና አንድ ግራጫ የጌም ካሴት፣ ያ ከላይ የሚሰካው ዓይነት።

ቪዲዮዎቹ አላስቸገሩኝም። ፊልሞቹ ሁሉ ዛሬ በጠራ ምስል ይገኛሉ። ማጫወቻ ዴክም የለኝም። ወደ ጎን አደረግኳቸው። ሁለት ነገር ላይ ግን እጄ ቆመ።

አንደኛው የ90 ደቂቃ ካሴት ነው። ላዩ ላይ በልጅነት ጽሕፈቴ «ፊልም። እንዳይነካ!!!» ይላል። ማንም እንዳይቀዳበት ሁለቱንም የፕላስቲክ ጥርሶቹን ሰብሬያቸዋለሁ። ታሪኩ እንዲህ ነው። ያኔ ቴሌቪዥን እንጂ ዴክ አልነበረንም። የ11 ዓመት ልጅ ሳለሁ አንድ የምጓጓለት ፊልም ማታ እንደሚታይ ሰማሁ። ቴፑን ተሸክሜ የቴሌቪዥኑ ስፒከር አፍ ላይ አስቀመጥኩትና ፕሌይና ሪከርድን አንድ ላይ ተጫንኩ። ማስታወቂያ ሲመጣ ፖዝ፣ ሲያልቅ መልቀቅ። ምስል የሌለው ፊልም ቀዳሁ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ስንት ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ እንደሰማሁት ቁጥሩን እግዜር ይወቀው። ያየሁት አንድ ጊዜ፣ የሰማሁት መቶ ጊዜ። ቀስ በቀስ ያየሁት ጠፋና የሰማሁት ብቻ ቀረ። በር ሲንኳኳ የትኛው በር እንደሆነ፣ ኮቴው የማን እንደሆነ አውቃለሁ። ካሴቱን ስገለብጥ ያመለጠኝ ጥቂት ሰከንድ አለ፤ እዚያ ቦታ ላይ የራሴን ትዕይንት ፈጥሬ አስገብቻለሁ። መጨረሻው ደግሞ ጭራሽ የለም። ሰውዬው ሽጉጥ ተደቅኖበት ቆሞ ሳለ ክሩ አለቀና ቀጭ አለ። ሌላ ካሴት ፍለጋ ስሮጥ መጨረሻውን በዓይኔም አላየሁት።

እና ልክ ከማለቁ በፊት የእናቴ ድምፅ አለ። «ቀንሱት!» ትላለች። ሁልጊዜ የምትለን ይህንኑ ነበር። ያችን አንዲት ቃል ለማንም አልሰጥም።

ሁለተኛው የጌሙ ካሴት ነው። ሦስት የሴቭ ቦታ (ጨዋታው የደረስክበትን የሚያስቀምጥበት) አለው። አንደኛው የታላቅ ወንድሜ ነበር። አንድ ክረምት ሙሉ፣ ከ60 ሰዓት በላይ ፈጅቶበታል። አንድ ቀን ከፍቶ ሲያይ የለም። «አንተ ነህ ያጠፋኸው» አለኝ። አላጠፋሁም። ማልኩ፣ አለቀስኩ፣ ተመታሁ። ዛሬ ሁለት ልጆች ወልዶም በስልክ ያነሣብኛል። በሣቅ ነው፣ ግን ያነሣዋል።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ያ ጌም ከ25 ዓመት በላይ ሆኖት ሴቭ ይዞ ይቆያል ወይ? ቴፑንስ እንዴት ነው ወደ ኮምፒውተር የምቀዳው? ከቀዳሁ በኋላ ሁሉንም ልጣለው?


ቦታ የለኝም፦

ጣለው። አዝናለሁ፣ ግን ሰው ይንገርህ። እኔ አምና ሁለት ካርቶን ዲቪዲ አስወጣሁ። መጀመሪያ ሳምንት ላይ ቆጨኝ። በሁለተኛው ሳምንት ምን ምን እንደነበረ ረሳሁት። ፎቶ አንሣው፣ ፎቶውን አስቀምጠው፣ ዕቃውን ሸኘው። እናትህን ደግሞ ደውልላቸውና «ቀንሱት በይ» በላቸው፤ ከካሴቱ የጠራ ድምፅ ታገኛለህ።


ፒክስል ለቃሚ፦

ቆይ ቆይ! ምንም ነገር እንዳትነካ! ስለ ጌሙ እኔ ልናገር።

እነዚያ ካሴቶች ሴቩን የሚይዙት መብራት ካልደረሰው በሚረሳ ሚሞሪ ላይ ነው። መብራቱን የምትሰጠው ውስጡ የተበየደች ጠፍጣፋ የሰዓት ባትሪ ናት። ብዙ ጊዜ ሲአር2032 ናት፣ አነስ ያለችም አለች። ሚሞሪው የሚጠጣው እዚህ ግባ የማይባል ስለሆነ ብዙ ሰው ከሚጠብቀው በላይ ትቆያለች። ከ25 ዓመት በላይ ቆይታ ያገኘኋት አለች። በ15 ዓመቷ ያረፈችም አለች። ውስጣቸው ሰዓት የሚቆጥሩ ጌሞች ቀድመው ይሞታሉ፤ ሰዓቱ ሌት ተቀን ባትሪውን ይመጠምጣል። ሜሞሪ ካርድህ ግን ፍላሽ ነው፣ ባትሪ አያስፈልገውም። 128 ኪሎ ባይት ብቻ ነው፤ ዛሬ በስልክ የምናነሳት አንዲት ፎቶ አትገባበትም።

አሁን ዋናው ነገር። ሰዎች የሚሠሩት ስሕተት «ባትሪው አርጅቷል፣ ልቀይረው» ብለው መክፈት ነው። ባትሪው የተነቀለ ዕለት ሴቩም ይሄዳል። መጀመሪያ መገልበጥ፣ ከዚያ መቀየር። ካሴቱን በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኙ ትናንሽ ማንበቢያዎች አሉ፣ ጌሙንም ሴቩንም ለየብቻ ያወጡልሃል። ከዚያ በፊት የካሴቱን የመዳብ እግሮች፣ የሚሰካበትን ጫፍ፣ በጥጥና በአይሶፕሮፒል አልኮል ጥረጋቸው፣ እስኪደርቅ ጠብቅ። እባክህ አትንፋበት። ሁላችንም እየነፋን ነው ያደግነው፣ አውቃለሁ። ያሠራው የነበረው ግን ትንፋሹ ሳይሆን አውጥቶ መልሶ መሰካቱ ነው። ትንፋሽ እርጥበት አለው፣ መዳቡን ያበላሻል።

ስለ ወንድምህ ክስ ደግሞ እንደ ዳኛ ላስረዳ። ሦስቱም ቦታ ባዶ ከሆነ ባትሪው ዛሬ ስለሞተ ነው፣ ማስረጃ የለም፣ ፋይሉ ይዘጋል። ሁለቱ ኖረው አንደኛው ብቻ ባዶ ከሆነ ነገሩ ሁለት መልክ አለው። ወይ ሰው አጥፍቶታል፣ ወይ ሲያጠፉት መብራቱ ተንገራግጮ ተበላሽቷል። በድሮዎቹ ላይ እኮ «ሪሴትን ተጭናችሁ ይዛችሁ አጥፉ» የሚል ማሳሰቢያ ነበር፣ ለዚሁ ነው። አንደኛው ቦታ ላይ የሌላ ሰው ስም ከተገኘ ግን… ጠበቃ ያዝ።


ዴክ ጠጋኝ፦

አንተ ልጅ፣ ያንን ቴፕ ካሴት ባገኘኸው ማጫወቻ ውስጥ እንዳትከተው። እነዚህ አዲስ የሚወጡ ርካሽ ማጫወቻዎች ክር ይበላሉ። ከበላው በኋላ በእስክሪብቶ እያጠነጠንክ ብታለቅስ ክሩ መታጠፉን አይተውም።

ሥራው እንዲህ ነው። ሄዱ (ክሩን የሚያነበው ብረት) በአልኮል የጸዳ፣ ላስቲኩ አዲስ የሆነ ደህና ቴፕ ፈልግ። ካሴቱን መጀመሪያ ዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ ወደፊት፣ አንድ ጊዜ ወደኋላ አጠንጥነው። ለዓመታት ሲቀመጥ አንዱ ዙር ሌላው ላይ ተጣብቆ ይቆያልና ላላ ይበል። ደግሞ ማግኔቱ ከዙር ወደ ዙር ትንሽ ይጋባል። ዝም ያለ ቦታ ላይ ጆሮ ከሰጠህ የሚቀጥለውን ቃል ሳይባል በፊት በሹክሹክታ የምትሰማው ለዚህ ነው። ሰይጣን አይደለም። አንድ ሰው ቤቱ አጋንንት ገባ ብሎ ካሴት ይዞልኝ መጥቶ ያውቃል።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የማያውቀው። ሄዱ አጠገብ ትንሽ ብሎን አለች። ሄዱ ክሩ ላይ ቀጥ ብሎ መቆሙን የምታስተካክል እሷ ናት። አንተ የቀዳህበት ቴፕ ሄዱ በጥቂቱ ያዘነበለ ከነበረ፣ ዛሬ ቀጥ ባለው ስታጫውተው ድምፁ ጭቃ ይሆናል። ስለዚህ ብሎኗን በቀስታ ግራና ቀኝ እያልክ ስማ። የሆነ ቦታ ላይ መጋረጃ የተገለጠ ይመስል ድምፁ ብሩህ ይሆናል። ‹ሰ› እና ‹ሸ› መለየት ሲጀምሩ ቁም። ከዚያ ከኢርፎን መውጫው ወደ ኮምፒውተሩ በሽቦ አገናኝና ቅዳ። በማይክ አይደለም።

ካሴቱን ጣለው ለሚሉህ ግን ጆሮ አትስጥ። እኔ ሰው «ቀድቻለሁ» ብሎ ኦሪጅናሉን ጥሎ፣ ቅጂው የግራው ድምፅ ብቻ ሆኖ ሲያገኘው አይቻለሁ።


አሮጌ ሪሞት፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ፒክስል፣ አንተ ደግሞ እጄን ያዝከው፤ ካቻቪቴውን አውጥቼ ነበር።

አንድ የረሳሁት ጥያቄ አለ። ፊልሙን ኢንተርኔት ላይ ሳየው መክፈቻው ላይ ያለው ሙዚቃ ወፍሮብኛል። ጎተት ይላል። እኔ ጋ ያለው ቀጠን ያለ፣ የሚጣደፍ ነው። ፊልሙ ራሱም ቀርፈፍ አለብኝ። እድሜ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ወይስ ጆሮዬ ነው?


ማታ ፊልም፦

ጆሮህ ደህና ነው! እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ስጠብቅ ነው የኖርኩት።

ፊልም ሲቀረጽ በሰከንድ 24 ምስል ነው። ፓል የሚባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት ደግሞ በሰከንድ 25 ያሳያል። ያን አንድ ምስል ከየት ያምጡት? አላመጡትም። ፊልሙን በ25 አሮጡት፣ በቃ። 4 ከመቶ ያህል ፈጠነ። ድምፁም አብሮ ቀጠነ፣ ከአንድ ሴሚቶን (ፒያኖ ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ልዩነት) ትንሽ ቢያንስ ነው። 100 ደቂቃ ያለው ፊልም በ96 ደቂቃ ያልቃል። ፓል በሚጠቀም ጣቢያ ካየኸው፣ የልጅነትህ ተዋናዮች ሁሉ ትንሽ ጥድፍ ጥድፍ ይሉ ነበር፣ ማንም ሳያስተውል። ዛሬ የምታየው በ24ቱ ነው። ትክክለኛው እሱ ነው፣ ግን አንተ የምታውቀው አይደለም።

ደግሞ ስለዚያ ካሴትህ። «ድምፅ ብቻ ቀድቶ ምን ይጠቅማል» የሚልህ ካለ ይህን ንገረው። ዶክተር ሁ የሚባለው ተከታታይ ድራማ እ.ኤ.አ. በ1963 ነው የጀመረው። ቢቢሲ በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ውስጥ ብዙ ክፍሎቹን ከመዝገቡ አጠፋ። ቴፕ ውድ ነበር፣ ላዩ ላይ ሌላ ይቀዱበታል፤ ድጋሚ የሚያየው ይኖራል ብሎ ያሰበ የለም። ምስላቸው እስከ ዛሬ ያልተገኘ በርካታ ክፍሎች አሉ። ድምፃቸው ግን የሁሉም አለ። አንድም ሳይቀር። ለምን? ቤታቸው ቁጭ ብለው ልክ እንዳንተ ቴፕ ቴሌቪዥኑ ላይ ደቅነው የቀዱ ልጆች ስለነበሩ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1978 ካናዳ ውስጥ ዶውሰን ሲቲ በምትባል ትንሽ ከተማ ግንባታ ሲቆፈር ከመሬት ውስጥ 533 ጥቅል ድምፅ አልባ ፊልም ወጥቷል። የድሮ መዋኛ ገንዳ መሙያ አድርገው ቀብረውት ነበር። ሌላ ቦታ የጠፉ ፊልሞች ነበሩበት። በረዶው አቆያቸው። «ጣለው» ያለው ሰው ባይኖር ኖሮ አይቆዩም ነበር፣ ይህም አለ እንግዲህ።


ዴክ ጠጋኝ፦

የፓሉ ነገር እውነት ነው። ግን የልጁ ቴፕም አለ። ላስቲኩ ላልቶ ወይም ባትሪው ደክሞ ቀስ እያለ ከቀዳ፣ ደህና ቴፕ ላይ ሲጫወት ይፈጥናል፣ ይቀጥናል። ሁሉንም በ24 እና 25 አትጨርሱት። ሁለቱም ተደራርበውበት ሊሆን ይችላል።


ማታ ፊልም፦

ጋሼ፣ እሱን አልካድኩም። ካሴቱ ሲቀዳ ሰዓት ይዘን እንለካዋለን። አንድ ነገር ግን ይገጥማል። 96 ደቂቃ የሚሆን ፊልም 90 ደቂቃ ካሴት ላይ አይገባም። የልጁ መጨረሻ የጠፋው እዚያ ጋ ነው።


ገና ጀማሪ፦

ይቅርታ ጣልቃ ልግባ። እኔ ደግሞ የድሮ ጌም ሽጉጥ አግኝቼ በአዲሱ ቴሌቪዥኔ ሞከርኩት። አንድም ዳክዬ አልወድቅ አለኝ። ሽጉጡ ተበላሽቶ ነው?


ፒክስል ለቃሚ፦

ሽጉጡ ደህና ነው፣ ቴሌቪዥንህ ነው «የተሻሻለው»። ያ ሽጉጥ ምንም አይተኩስም፤ ዓይን ነው። ቃታውን ስትስብ ስክሪኑ ለቅጽበት ጥቁር ይሆናል፣ ወዲያው ዳክዬዋ ያለችበት ቦታ ላይ ነጭ ሣጥን ይበራል። ሽጉጡ ጨለማ ቀጥሎ ብርሃን ካየ መታህ ማለት ነው። በባለ ሆዱ ቴሌቪዥን ይህ የሚሆነው በሰከንድ ስልሳኛ ልክ ነው። ጠፍጣፋው ግን ምስሉን ተቀብሎ እስኪያስተካክል ይዘገያል። ሽጉጡ ሲያይ ሣጥኑ ገና አልበራም። ዳክዬዋ በሕይወት ትኖራለች።

ለዚህ ብዬ አንድ ባለ ሆድ ቴሌቪዥን አስቀምጫለሁ። ባለቤቴ በየወሩ «ይሄ ነገር…» ብላ ትጀምራለች። አረፍተ ነገሩን ጨርሳው አታውቅም፣ እኔም አላስጨርሳትም።


ቦታ የለኝም፦

እሺ፣ ልናዘዝ። ዲቪዲዎቹን ሁሉ አስወጣሁ አልኩ እንጂ አንድ ነገር አስቀርቻለሁ። ማጫወት እንኳ አይቻልም። የቪዲዮ ኪራይ ቤት ካርድ ነው፣ የታጠፈ፣ ፎቶዬ የተለጠፈበት። ጀርባው ላይ የወሰድኳቸው ፊልሞች ቁጥር በእጅ ተጽፏል። ስማቸው የለም፣ ቁጥራቸው ብቻ። 114፣ 87፣ 114፣ 114። ያ 114 ምን ፊልም እንደነበር ላስታውስ ስንት ጊዜ ሞክሬያለሁ። ሦስት ጊዜ ተከራይቼዋለሁ!

አሁንም ጣለው እላለሁ። ግን ቀስ ብለህ ጣለው።


ማታ ፊልም፦

እህቴ፣ አሁን እኔ 114ን ሳላውቅ እንቅልፍ አይወስደኝም።


አሮጌ ሪሞት፦ (ከዘጠኝ ቀን በኋላ)

ዜና አለኝ። ግማሹ አሳፋሪ ነው። ከሱ ልጀምር።

ማንበቢያውን ከአንድ ጓደኛዬ ተዋስኩ። እግሮቹን ጠረግኩ፤ ጥጡ ጥቁር ሆኖ ወጣ። አልነፋሁም (አንድ ጊዜ አፌን አስጠግቼ ተመልሻለሁ፣ እጅ ልማድ አለው)። ሰካሁት። ሴቩ ወጣ! ባትሪው እስከዛሬ ይሠራል! በኮምፒውተር ላይ ከፈትኩት።

ሦስተኛው ቦታ ባዶ። ሁለተኛው የኔ፣ የማውቀው፣ ዘንዶው ጋ የቆምኩበት። አንደኛው ላይ፣ ወንድሜ መኖር በነበረበት ቦታ ላይ፣ ስም አለ። የኔ ስም። የተጫወትኩት ሰዓት 11 ደቂቃ።

11 ደቂቃ!

አዲስ ጌም ብዬ የጀመርኩበትን ቀን ምንም አላስታውስም። እምላችኋለሁ፣ ዛሬም ቢሆን እምላለሁ። ግን መሐላዬ ምን ዋጋ አለው? ስሜ እዚያ ተጽፏል፣ አንዷ ፊደል ተሳስታ። እኔ ብቻ ነኝ እንደዚያ የምሳሳታት።


ፒክስል ለቃሚ፦

ችሎቱ ተነሥቷል። ለ25 ዓመት ሙሉ የንጹሕ ሰው ፊት!


ቦታ የለኝም፦

ይኸው፣ ጣለው ስልህ ብትጥለው ኖሮ ንጹሕ ሰው ነበርክ።


ዴክ ጠጋኝ፦

ለወንድምህ ነገርከው?


አሮጌ ሪሞት፦

ገና። የሴቩን ቅጂ ሦስት ቦታ አስቀምጫለሁ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ስልኩን ግን ሁለት ጊዜ አንሥቼ አስቀመጥኩት።

አሁን ቴፑ። ጋሼ፣ እንዳልከኝ አደረግኩ። ወደፊት አጠነጠንኩ፣ ወደኋላ አጠነጠንኩ፣ ሄዱን አጸዳሁ። መጀመሪያ ሳጫውተው ልክ እንደማስታውሰው ነበር። ጭቃ ውስጥ የሚያወሩ ሰዎች። መጨረሻው ጋ እናቴ፦ «ቀንሱት!» ሆዴ ተላወሰ። ይኸው፣ ቢያንስ ይሄ አልዋሸኝም አልኩ።

ከዚያ ብሎኗን ነካሁ። ወደ ግራ ትንሽ፣ ወደ ቀኝ ትንሽ። መጋረጃ ይገለጣል ያልከው እውነት ነው፤ የቤታችን ክፍል ራሱ ተሰማኝ። ወንበር ሲጎተት፣ ወንድሜ ሲስል። ሰውዬው ላይ ሽጉጥ ተደቀነ። ጸጥታ። ከዚያ የእናቴ ድምፅ፣ ከማይኩ አጠገብ፣ ጥርት ብሎ። ሦስት ጊዜ ወደኋላ መልሼ ሰማሁት።

«ቀንሱት» አላለችም። «ገደሉት?» ነው ያለችው።

ቀጭ። ክሩ አለቀ።

እናቴ ፊልም አታይም። ቤታችን ውስጥ ይህ የታወቀ ነገር ነው። «የናንተ ቱስ ቱስ» እያለች ስታማርር ነው ያደግነው። ለካ ከኋላችን ቆማ ታይ ነበር።

ማታ ደወልኩላትና በስልኩ አሰማኋት። «ይሄ የኔ ድምፅ አይደለም» አለች። ደግሜ አሰማኋት። «አይደለም አልኩህ እኮ፣ እኔ መቼ ፊልም አይቼ አውቃለሁ» አለች። ስለ ቤት ቅየራው አወራን፣ ስለ ጤናዋ አወራን፣ ደህና ደሪ ብዬ ልዘጋ ስል ዝም አለች።

«እና ገደሉት ወይ?» አለችኝ።